ለእህትሽ የጫማ ቁጥር አትላኪላት

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። መሥሪያ ቤታችን በመጪው ኅዳር በታላቁ ሩጫ በቡድን ሊያሳትፈን ስለሆነ ከባልደረቦቼ ጋር ቅዳሜና እሁድ ጠዋት መሮጥ ጀምሬያለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ከሥራ በኋላ ጂም ገብቼ ኤሮቢክስ እሠራለሁ። ለሁሉም የማደርገው አንድ ነጭ ስኒከር ነው፤ ጂንስ ላይም እሱኑ ነው የማደርገው። አሁን ግን ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን ይወጋኛል፤ የአውራ ጣቴ ጥፍርም ጠቁሯል። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ለጳጉሜ ልትመጣ ነውና ‹ቁጥርሽን ላኪልኝ፣ ጫማ ላምጣልሽ› ብላኛለች። ቁጥሬ 39 ነው፤ ግን ምን ዓይነት ልበላት? አንዱ ባልደረባዬ ‹ሶሉ ውስጥ ካርቦን ያለው ካልሆነ ገንዘብ ማባከን ነው› ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ‹አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው!› እያለ ያሾፍብኛል። የ13 ዓመት ልጄም ታኬታ ግዢልኝ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል፤ የሚጫወተው ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው። ለእኔ ለሩጫውም፣ ለጂሙም፣ ለመዘነጫውም አንድ ጫማ ቢበቃኝ ደስ ይለኝ ነበር። ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባት፣ ከአያት»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ለሦስቱም አንድ ጫማ አይበቃሽም። አይዞሽ፣ ሦስት ግዢም አልልሽም። ነጩ ስኒከር እዚያው ጂንሱ ላይ ይቆይ። ለሩጫው አንድ ደህና ጫማ ያስፈልግሻል፤ እሱ ይቅደም። የጂሙን እጅሽ ሲፈታ ትደርሺበታለሽ።

ከጫማው በፊት ግን ስለ ተረከዝሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሯጭ ሳሠለጥን የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠዋት ገና ከአልጋ ሲወርዱ የሚወጋ፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ለቀቅ የሚያደርግ የተረከዝ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከተረከዝ ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ከሚዘረጋው ጠንካራ ጅማት ነው። ሩጫ ድንገት ሲበዛበት ይቆጣል። ባት ሲጠብቅም ይብስበታል። እህትሽ እስክትመጣ በነጩ ስኒከር አትሩጪ፤ ፈጠን ብለሽ ተራመጂ። ቤት ውስጥ ሴራሚክ ላይ በባዶ እግርሽ አትሂጂ፤ ሶሉ ወፈር ያለ ነጠላ ጫማ አድርጊ። ጠዋትና ማታ ግድግዳ ተደግፈሽ ባትሽን አሳስቢው። አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪና ማታ ቴሌቪዥን ስታዪ ውስጥ እግርሽን አንከባልይበት።

በሁለት ሦስት ሳምንት ካልተሻለሽ፣ ካበጠ፣ ሌሊት ከእንቅልፍሽ ከቀሰቀሰሽ ወይም ከደነዘዘሽ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይየው። «ወጌሻ አንድ ጊዜ ቢያሸው ይለቅሻል» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። የተቆጣ ጅማት በኃይል ሲታሽ የባሰ ይቆጣል፤ ይቅርብሽ።

የጥፍርሽ ነገር ግን በቀጥታ የጫማው ጥፋት ነው። ቁልቁለት ስትወርጂ እግርሽ ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ጫማው ካጠረ አውራ ጣትሽ በየእርምጃው ጫፉን ይመታል። በአንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ አንዱ እግር ብቻውን መሬት የሚረግጠው በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ነው። ጥፍር ምን ያድርግ? ይጠቁራል።

እና ቁጥሬ 39 ነው አልሽኝ። መቼ ተለክተሽ? አብዛኛው ሰው «ቁጥሬ» የሚለው በሃያ ዓመቱ የገዛውን የቆዳ ጫማ ቁጥር ነው። እግር ግን ባለበት አይቆምም። ብዙ ሴቶች ሲወልዱ እግራቸው ይረዝማል፣ ሰፋም ይላል፤ በዚያውም ይቀራል። አንቺ ደግሞ የ13 ዓመት ልጅ አለሽ። በዚያ ላይ 39 የሚባለው ነገር ራሱ አንድ አይደለም። አንዱ ፋብሪካ 39 ብሎ የጻፈበት ጫማ ለ24.5 ሴንቲ ሜትር እግር የተሠራ ነው፤ የሌላው 39 ለ25። አሜሪካኖች ደግሞ የራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ የሴትና የወንዱም ይለያያል። የሴት 8 በአብዛኛው የወንድ 6.5 ማለት ነው። እህትሽ ሱቅ ገብታ «39 ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሻጩ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አይቶ በግምት አንዱን ያነሣላታል። ስንት ጫማ ነው እንዲህ አትላንቲክን ተሻግሮ መጥቶ ለጎረቤት ልጅ የተሰጠው!

ስለዚህ ቁጥር አትላኪላት። ሴንቲ ሜትር ላኪላት።

እንዲህ አድርጊ። ማታ ከሥራ ስትመለሺ ይሁን፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲውል ያብጣል፣ ስትሮጪም እንደዚያው ነው። የምትሮጪበትን ካልሲ አድርጊ። አንድ ኤፎር ወረቀት ወለሉ ላይ ከግድግዳ ጋር አስጠግተሽ ዘርጊ። ተረከዝሽን ግድግዳው ላይ ለጥፈሽ፣ ክብደትሽን ሙሉ በሙሉ እዚያ እግር ላይ ጥለሽ ቁሚ። ተቀምጠሽ ከለካሽ እግርሽ አጥሮ ነው የሚወጣው። ምልክቱን ልጅሽ ያድርግልሽ፤ አንቺ ራስሽ ጎንበስ ካልሽ እግርሽ ይንቀሳቀሳል። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ከልኩ ላይ ይበላል። ረጅሙ ጣትሽ ጫፍ ላይ አንድ መስመር ያስምር። ረጅሙ ያልኩት ሁሌ አውራ ጣት ስላልሆነ ነው፤ ሁለተኛው የሚበልጥበት ሰው ሞልቷል። ከዚያ እግርሽ በጣም የሚሰፋበት ቦታ ላይ፣ ከአውራ ጣት ሥር ካለው ጉጥና ከትንሿ ጣት ሥር ካለው ጉጥ ውጭ፣ ግራና ቀኝ ምልክት ያድርግ። ሁለቱንም እግርሽን ለኪ፤ እኩል አይወጡም። የምንይዘው የትልቁን ነው።

እህትሽ ሱቅ ስትገባ የጫማውን ምላስ ገልብጣ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ታንብብ። እዚያ ላይ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የአውሮፓ ቁጥር ተደርድሯል፤ ከጎኑም ብዙ ጊዜ ሴንቲ ሜትር አለ። እሱን ነው የምትፈልገው። ለሩጫ ከእግርሽ ርዝመት ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ይሁን። 24.5 ከወጣሽ 25 ወይም 25.5 የሚለውን ትያዝ። አድርገሽው ስትቆሚ ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ መኖር አለበት።

ስፋቱንም እንዳትረሳ። በልጅነቱ በባዶ እግሩ ወይም በክፍት ጫማ የሮጠ እግር ከፊቱ ሰፋ ይላል፤ የኛ አገር ብዙ እግር እንደዚያ ነው። እዚያ አገር አንድ ርዝመት በተለያየ ስፋት ይሸጣል። የሴት መደበኛው ስፋት ካርቶኑ ላይ «ቢ» በምትለው የላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ሰፋ ያለው «ዲ» ነው። ትንሿ ጣትሽ በነጩ ስኒከር የጎን ስፌት ላይ የምትጫን ከሆነ ወይም እዚያ ቦታ ላይ ጨርቁ ከተወጠረ «ዲ» ታምጣልሽ። ብዙ ሰው ጫማው ሲጠበው ቁጥር ይጨምራል። ያኔ ተረከዙ ይለቅና ጫማው ውስጥ ይዋኛል፤ ፊቱ ግን እንደጠበበ ነው።

መልእክቱን በቴሌግራም እንዲህ ብለሽ ጻፊላት፦ «ትልቁ እግሬ ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስፋቱ ይህን ያህል። የአስፋልት ሩጫ የልምምድ ጫማ፣ የሴት፣ ሰፊው። ካርቦን የሌለው። ደረሰኙን ያዢው።» ነጩ ስኒከር ከጎኑ የማይጠብሽ ከሆነ «ሰፊው» የምትለዋን አውጪያት። የወረቀቱን ፎቶም አያይዢላት፤ ማስመሪያው ከጎኑ ይታይ። ካርቶኑን ለሻንጣ ኪሎ ስትል ብትጥለው አልፈርድባትም። ጫማው ውስጥ ግን ካልሲ ጠቅጥቃ ታምጣው፣ ቅርጹ እንዳይጨማደድ።

አሁን ወደ ዓይነቱ። ጫማ የሚመረጠው በምትረግጪው መሬትና እግርሽ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው። አስፋልት ነው። ዳገትም ቁልቁለትም አለው፤ እግርሽ ግን መቼም ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ሯጮች ለዘወትር ልምምድ የሚያደርጉት፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ስፖንጅ ያለው፣ የላይኛው ጨርቅ አየር የሚያስገባ ጫማ ነው። ስም ስጠኝ ካልሽ፦ ብሩክስ ጎስት፣ አሲክስ ጄል ኩሙለስ፣ ናይኪ ፔጋሰስ፣ ሶከኒ ራይድ፣ ኒው ባላንስ 880። አምስቱም ለዚሁ ሥራ የተሠሩ ናቸው። የትኛው ይበልጣል ብለሽ አትጨነቂ፤ እግርሽ የወደደው ይበልጣል። ፋብሪካዎቹ በየጊዜው አዲስ ቁጥር እየለጠፉ ያወጧቸዋል። አዲሱ ሲወጣ ያለፈው ዋጋው ይወርዳል፤ እህትሽ ያለፈውን ብታመጣልሽ ምንም አይጎድልብሽም።

ላንቺ ተረከዝ ስል አንድ ነገር ልጨምር። የጫማው ተረከዝ ከፊቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከ8 እስከ 12 የሚሆነው ለጊዜው ይሻልሻል፤ የባትሽን ውጥረት ያቀልልሻል። ፊቱና ኋላው እኩል ጠፍጣፋ የሆነውን «ተፈጥሯዊ ነው» ብለው ቢያወድሱልሽም አሁን አትሞክሪው።

«እግርሽን አርጥበሽ ወረቀት ላይ ርገጪና ጠፍጣፋ መሆን አለመሆኑን እዪ፤ በዚያ ምረጪ» የሚልም ይመጣል። እኔም ዘንድ ስንቱ እርጥብ ወረቀት ይዞ መጥቷል። የአሜሪካ ጦር በአዲስ ምልምሎቹ ላይ ይህንኑ ሞክሮታል። ገሚሱን በውስጥ እግሩ ቅርጽ እየመረጠ ጫማ ሰጠው፤ ለቀረው ሁሉ አንድ ዓይነት አደለ። በጉዳት ብዛት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እግርሽ ጠፍጣፋ ሆኖም ሳያምሽ ከሮጥሽ ሌላ ጣጣ አትፈልጊለት።

ጫማው ከመጣ በኋላ ከቤት ሳትወጪ አድርገሽው ግማሽ ሰዓት ቆዪበት። ደረጃ ውጪ፣ ውረጂ። የሚቆነጥጥሽ፣ የሚፈገፍግሽ ቦታ ካለ «ሲለምድ ይለቃል» አትበይ። የቆዳ ጫማ ይለቃል፤ የሩጫ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ካልተመቸ በሁለተኛውም አይመችም። ተረከዝሽ ወደ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን መላ አለው። ክሩ ከሚገባባቸው ቀዳዳዎች የመጨረሻዎቹን እያቸው። ከላይ፣ ወደ ቁርጭምጭሚትሽ ጠጋ ብላ፣ ማንም የማይጠቀምባት አንዲት ትርፍ ቀዳዳ በየጎኑ አለች። ክሩን በዚያው በኩል፣ ሳታሻግሪ፣ ወደዚያች ቀዳዳ አስገቢው፤ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። በሌላውም ጎን እንዲሁ። ከዚያ የቀኙን ክር በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ አሾልኪና ሳቢ። ተረከዝሽ ከዚያ በኋላ ፍንክች አይልም። ቁልቁለት ላይም ጣትሽ ወደ ፊት አይሄድም።

የካርቦኑን ነገር ባልደረባሽ ከየት እንዳመጣው ይገባኛል፤ ቴሌቪዥን ላይ ሁሉም እሱን ነው የሚያደርጉት። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር እግሯ ላይ የነበረው አዲዳስ፣ አንዱ ጫማ 138 ግራም ነው የሚመዝነው። ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ፋብሪካው ራሱ የተናገረው ለአንድ ማራቶንና እሱን ለመላመጃ እንደሚያገለግል ነው። አንድ ማራቶን! የእንዲህ ዓይነት ጫማ ስፖንጅ ወፍራምና በጣም ለስላሳ ነው፤ መሀሉ ላይ ከካርቦን የተሠራ ደረቅ ዝርግ ነገር አለ። በፍጥነት ለሚወረወር ሰው ጉልበት ይቆጥብለታል። ቀስ ብሎ ለሚሮጥ ሰው ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ከፍታው ደግሞ አይቀንስም፤ ኮብልስቶን ላይ ወይም የተሰነጠቀ የእግረኛ መንገድ ላይ ቁርጭምጭሚትሽን ያወላግደዋል። የከፍታው ነገር ለባለሙያዎቹም ጣጣ አለው። ደራራ ሁሪሳ እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ድሉን ያጣው ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ስለተገኘ ነው፤ ደንቡ የሚፈቅደው 4 ነው። አንቺን ማንም ሶልሽን አይለካሽም። ግን በዚያ ዋጋ ሁለት ደህና የልምምድ ጫማ ገዝተሽ ለካልሲም ይተርፍሻል።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ታሪኩን ግማሹን ነው የሚያውቀው። አበበ ሮም ላይ የሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። 2:15:16 ገባ። በባዶ እግር ሲለማመድ የኖረ ሰው ነበር፤ የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው ነው በለመደው ለመሮጥ የወሰነው። አየሽ፣ አበበ የማይመች ጫማ አድርጎ 42 ኪሎ ሜትር ከመሄድ ባዶ እግሩን መረጠ። እኔም እያልኩሽ ያለሁት ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ልክ፣ ከዚያ ሌላው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ የተመቸውን ጫማና ካልሲ አድርጎ 2:12:11 ገባ። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ገና ጥቂት ሳምንት ነበር። በጫማ ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ፈጠነ። ወንድምሽ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ጻፊልኝ። ወንበር ላይ ውሎ የሚመጣ እግር ደግሞ በባዶው አስፋልት ላይ ቢወጣ በሳምንቱ ወለምታ ወይም የአጥንት ስንጥቅ ይዞ ይመለሳል።

ጂሙ ጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኤሮቢክስ ላይ እግርሽ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይዘላል። የሩጫ ጫማ ከፍ ያለና ለስላሳ ስለሆነ ወደ ጎን ስትረግጪ ከሥርሽ ይሸሻል። ለዚያ የሚሆነው ሶሉ ዝቅ ያለና ሰፊ፣ ጎኑ ጠንከር ያለ፣ ከሥሩም መጠነኛ መያዣ ያለው ነው። ወለሉን ሙጭጭ ብሎ የሚይዝ አይሁን፤ ሰውነትሽ ሲዞር ጫማው እንቢ ካለ ጉልበትሽ ነው የሚጠመዘዘው። ክብደት ብቻ የምታነሺ ቢሆን ነጩ ስኒከርሽ ራሱ ይበቃ ነበር፤ ጠፍጣፋና ደረቅ መሆኑ እዚያ ጥሩ ነው። ትሬድሚል ላይ የሩጫውን አድርጊ። የኤሮቢክሱን እስክትገዢ በነጩ ቀጥዪ፤ ዝላዩን ግን ተረከዝሽ እስኪድን ተዪው።

ቅዳሜና እሁድ የት እንደምትሮጡ አልነገርሽኝም። እንጦጦ ጫካ ወይም ጃን ሜዳ ከሆነ እሰየው፤ አትሌቶቻችንም ሱሉልታና ሰንዳፋ የሚወርዱት ለእግር የሚራራ መሬት ፍለጋ ነው። በደረቅ ጊዜ የአስፋልቱ ጫማ እዚያም ይሠራል። ክረምት ላይ ጭቃው ያንሸራትተዋል፤ ያን ቀን ተራመጂ። ለጥቂት ጭቃማ ቅዳሜ ብለሽ ጥርስ ያለው የጫካ ጫማ አትግዢ።

እህትሽ ሳይመቻት ቀርቶ እዚሁ ከገዛሽ አንድ ሁለት ነገር እዪ። መርካቶም ሆነ ቦሌ ኮፒ ሞልቷል፤ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ሲልሽ መሐላውን ትተሽ ጫማውን እዪ። ምላሱ ውስጥ ያለው የሞዴል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ጫማውን ፊትና ኋላ ይዘሽ እጠፊው፤ ጣቶችሽ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ከታጠፈ ደህና ነው፣ መሀሉ ላይ ከታጠፈ ይቅርብሽ። ስፖንጁን በአውራ ጣትሽ ጫኚው፤ ገባ ብሎ ቶሎ መመለስ አለበት። ሳልቫጅ ላይ አንዳንዴ አሪፍ የሚመስል ይገኛል፣ የውጭ ሶሉም ያላለቀ ይሆናል። ስፖንጁ ግን ዕድሜውን ጨርሶ እንደ ደረቀ ዳቦ ሆኗል፤ ከዚያም በላይ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዟል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላው ስታዪው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተዪው። ለመራመጃ ቢሆን ችግር የለውም፣ ለሩጫ አይሆንም።

አዲሱን ጫማ ለውድድሩ ቀን አታስቀምጪው። ከጳጉሜ እስከ ኅዳር በቂ ጊዜ አለሽ፤ ሩጫሽን ሁሉ በእሱ ሩጪ። ለጂንስ ግን አታድርጊው፤ የታክሲ ሰልፍና የቢሮ ደረጃ የሩጫውን ዕድሜ ይበሉበታል። የሩጫ ጫማ በጥቅሉ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር ከሮጥሽ ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። ሲቆሽሽ በለብ ባለ ውኃና በብሩሽ እሺው። የውስጥ ሶሉን አውጪ፤ ጋዜጣ ጠቅጥቂበትና ጥላ ላይ ይድረቅ። ክረምት ነው ብለሽ ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታስቀምጪው፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያስለቅቀዋል፣ ስፖንጁንም ያበላሸዋል።

የልጅሽ ታኬታ ቀረ። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሰቀለው ረጃጅም ጥርስ ያለው፣ ለተፈጥሮ ሣር የተሠራው ነው፤ ካርቶኑ ላይ «ኤፍጂ» የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉበት። ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ያ ጥርስ ይተከልና ልጁ ሲዞር እግሩ አብሮ አይዞርም፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚጎዳው እንደዚያ ነው። «ቲኤፍ» የሚለውን ግዢለት፤ ከሥሩ ብዙ አጫጭር የጎማ ጥርሶች ያሉት። ሜዳው ሣሩ ረዘም ያለና ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ የተነሰነሰበት ከሆነ «ኤጂ» የሚለውም ይሆናል። ሰፈር ውስጥ አቧራ ሜዳ ላይ መጫወቱም ስለማይቀር ግን የእኔ ምርጫ «ቲኤፍ» ነው። «ያድግበታል» ብለሽ ሁለት ቁጥር አትጨምሪ። ትልቅ ጫማ ኳስ ላይ ያደናቅፈዋል፤ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ትርፍ ይበቃዋል፣ በየጥቂት ወሩም ለኪው። ሲለካም የኳስ ካልሲውን ያድርግ፤ ወፍራም ነው። እንዲሁም ከቤት ጀምሮ አድርጎት አስፋልት ለአስፋልት እንዳይሄድ ንገሪው፤ ጥርሱ በወር ነው የሚያልቀው። በፌስታል ይዞ ይሂድና ሜዳው ዳር ይቀይር።